አቦል፣ ቶና፣ በረካ፦ በነፋስ ያረፍንባት ቅዳሜ

ጋሼ ይህን ታሪክ ሲያወሩ የሚጀምሩት ከመጨረሻው ነው። «ሰው በአውሮፕላን ሄዶ አንዴ ያርፋል። እኛ ሦስት ጊዜ አረፍን፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ» ይላሉ። ቤቱ በሳቅ ይሞላል። እኔም አብሬ እስቃለሁ። በረካው ላይ የፊት ጎማው ታጥፎ ፕሮፔለሩ አስፋልቱን ሲመታ የነበረው ድምፅ ግን አሁንም አንዳንድ ሌሊት ይቀሰቅሰኛል። የብረት ምጣድ በመዶሻ ሲቀጠቀጥ እንደማለት ነው፤ ጧ ጧ ጧ፣ ከዚያ ጭጭ።

ነገሩ ከሆነ ሁለት ዓመት አለፈው። እስካሁን ያልጻፍኩት አፍሬ ነው። ሰሞኑን ግን ሁለት ወጣቶች ተራ በተራ ደወሉልኝ። አንዱ ዳላስ፣ አንዷ ሲያትል ናቸው። ሁለቱም የግል አብራሪ ፈቃድ ለማውጣት እየተማሩ ነው። ጥያቄያቸውም አንድ ነው፦ «ነፋስ ሲኖር ማረፍ አቃተን፣ ምን ይሻላል?» በስልክ ለየብቻ የነገርኳቸውን እዚህ ሰብሰብ አድርጌ ላስቀምጠው።

የምኖረው ኦሮራ፣ ኮሎራዶ ነው፤ ዴንቨር ጥግ። ቀን ቀን ፋርማሲ ውስጥ እሠራለሁ። ያደግኩት ቦሌ አካባቢ ስለሆነ የአውሮፕላን ነገር ልጅ ሆኜ ነው የለከፈኝ። ፈቃዴን ለማግኘት ሁለት ዓመት ፈጀብኝ፤ ገንዘብ ሲኖር እየበረርኩ፣ ሲጠፋ እያቆምኩ። አደጋው በደረሰ ቀን ፈቃድ ካወጣሁ ሰባት ወር ሆኖኝ ነበር። ጠቅላላ የበረራ ሰዓቴ 94። ይቺን ቁጥር አስታውሷት። 94 ሰዓት ማለት ሁሉንም የማውቅ የሚመስለኝ፣ ግን የማላውቀውን የማላውቅበት ጊዜ ነው።

አውሮፕላኗ ሴስና 172 ናት። አንድ ሞተር፣ አራት መቀመጫ፣ ክንፏ ከላይ። በዓለም ላይ እንደ እሷ በብዛት የተመረተ አውሮፕላን የለም፤ ከ44,000 በላይ ተሠርታለች። ገራም ናት። ስህተት ትሸከማለች። የእኔን ግን ሦስቴ ተሸክማ አራተኛውን እምቢ አለች።

ጋሼ የእናቴ ወንድም ናቸው። ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር። ፋሲካን ከእኛ ጋር ሊያሳልፉ ከአዲስ አበባ መጥተው ነበር። ከፋሲካ በኋላ ባለችው ቅዳሜ «ተራራውን ከላይ ላሳይዎት» አልኳቸው። እቅዱ ቀላል ነበር። ጠዋት መነሳት፣ ወደ ደቡብ ሄዶ ፓይክስ ፒክን ከሩቅ ማየት፣ ተመልሶ ምሳ። ባለቤቴ ዶሮ ወጥ ሠርታ፣ ዘመድ ጠርታ ትጠብቀናለች።

እዚህ አካባቢ የሚያዝያ አየር ጠዋትና ከሰዓት ሁለት የተለያየ አገር ነው። ጠዋት ቅጠል አይንቀሳቀስም። ፀሐይ መሬቱን ስታሞቅና ነፋሱ ከተራሮቹ በኩል ሲወርድ የቆሻሻ በርሜሉን ከደጃፍ ይዞት ይሄዳል። ትንበያውን አይቻለሁ። ከቀኑ 7 ሰዓት በኋላ እስከ 25 ኖት የሚደርስ ጋስት ይኖራል ይላል። (ኖት በሰዓት 1.85 ኪሎ ሜትር ናት። ጋስት የምንለው ደግሞ ነፋሱ በረድ ያለ መስሎ ድንገት የሚያገነፍለውን ግፊት ነው።) እኛ በቀትር በ6 ሰዓት እንመለሳለን ብዬ ናቅሁት።

ግን ጋሼ ቡና ሳይጠጡ ከቤት አይወጡም። አቦሉን ብቻ ጠጥተውም አይነሱም። ባለቤቴም «እንግዳ በረካ ሳይጠጣ አይሄድም» አለች። አንድ ሰዓት ከሩብ ዘገየን። ትንበያውን መልሼ አላየሁትም። ጥፋቱን ከሰማይ ላይ የሚፈልግ ሰው ካለ ይኸው፣ ሲኒ ሥር ነው።

ሲሄዱ በረራው እንደ ሐር ነበር። ፓይክስ ፒክ በረዶ ለብሶ በቀኛችን በኩል ቆመ። 4,302 ሜትር ነው አልኳቸው። ጋሼ በመስኮቱ ትንሽ ተመለከቱትና «ራስ ዳሸንን አያክልም» አሉ። ልክ ናቸው። ፎቶ አነሱ፤ ሌላም ፎቶ አነሱ። አንዴ ልዙርልዎት አልኩ። እዚያም ሃያ ደቂቃ ሄደ።

ስንመለስ መንገዱ ኮሮኮንች ሆነ። ጋሼ መያዣ ፈልገው የበሩን እጀታ ያዙ። የአየር ማረፊያችን ትንሽ ናት፤ የቁጥጥር ማማ የላትም። መንደርደሪያዋ አንድ ብቻ ነው፤ በአንዱ ጫፍ 17፣ በሌላው 35። የአየር ሁኔታውን በሬዲዮ የሚናገር ማሽን አለ። «ነፋስ ከ230፣ በ15፣ ጋስት 26» አለ።

ሒሳቡን አየር ላይ ሠራሁ። መንደርደሪያ 17 ማለት አፍንጫህ 170 ዲግሪ ይመለከታል ማለት ነው። ነፋሱ ከ230 ከመጣ ልዩነቱ 60 ዲግሪ ነው፤ ከቀኝ በኩል። በ60 ዲግሪ የሚመጣ ነፋስ 87 በመቶው ከጎን የሚገፋ ነው። 15 ሲባዛ 0.87፣ 13። የሴስና 172 መመሪያ የጎን ነፋስ ላይ 15 ኖት የሚል ቁጥር አለው። 13 ከ15 ያንሳል። «ይበቃል» አልኩ።

የተሳሳትኩት እዚህ ነው። ማባዛቱን አይደለም፤ የተባዛውን ቁጥር ነው። ያባዛሁት 15ን ነው። 26ን ባባዛ 22 ተኩል ይመጣ ነበር። አውሮፕላኑን ከመንደርደሪያ የሚያወጣው አማካዩ አይደለም፤ ጫፉ ነው። ማሽኑ የሚናገረው ነፋስ የሁለት ደቂቃ አማካይ ነው። ጋስቱን የሚያወጣው ካለፉት አሥር ደቂቃዎች ነው። አንተ መሬት የምትነካባትን ሰከንድ ማንም ቀድሞ አይለካልህም። መመሪያው ላይ ያለችው 15 ደግሞ ክልከላ አይደለችም፤ ፋብሪካው ባለሙያ አብራሪ አስቀምጦ ሞክሮ ያሳየበት ቁጥር ናት። ያ አብራሪ 94 ሰዓት አልነበረውም።

በጭንቅላቱ ሳይን ማስላት ለሚከብደው ቀላል ዘዴ አለ። ሰዓት አስብ። 15 ዲግሪ ሩብ ሰዓት፣ ሩቡ ነፋስ ከጎን ይገፋሃል። 30 ግማሽ። 45 ሦስት አራተኛ። 60 እና ከዚያ በላይ ሙሉውን ቁጠረው። ትንሽ ያጋንናል፤ ያጋነነው ለአንተ ደህንነት ነው። ሁልጊዜ የጋስቱን ቁጥር አስገባ።

የመጀመሪያው አቀራረብ መጥፎ አልነበረም። አፍንጫዋን ወደ ነፋሱ ጠምዝዤ እንደ ሸርጣን በጎን ወረድኩ። መሬቱ አጠገብ ስደርስ ክንፏን ወደ ነፋሱ ዘንበል፣ በእግሬ አፍንጫዋን ወደ መስመሩ መለስ ማድረግ ነበረብኝ። ሞከርኩ። አንድ ግፊት መጣና የመሃሉ ነጭ መስመር ወደ ቀኝ ሸሸ። ሙሉ ጉልበት ሰጥቼ ተነሳሁ። ፍላፑን (ለማረፍ ከክንፉ ኋላ ወደ ታች የሚወርደውን ሰሌዳ) በደረጃ መለስኩ፣ ወጣን። በእንግሊዝኛው ጎ አራውንድ የሚሉት ነው። የዚያን ቀን በትክክል የሠራሁት ነገር ይህ ብቻ ነው።

«ምን ሆነ?» አሉ ጋሼ በሄድሴቱ።

«ምንም። አንዴ ልዙር ነው።»

«ሳትወርድ ቀርተህ ነው?»

ዝም አልኩ።

እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም አደጋው የደረሰው እዚህ ነው። መሬት ላይ የሆነው ውጤቱ ነው። ዙሪያውን ለመዞር አምስት ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። በዚያ አምስት ደቂቃ ውስጥ ነፋሱን አላሰብኩም። ያሰብኩት ጋሼ አዲስ አበባ ሲመለሱ ለእናቴ የሚሉትን ነበር፤ «ልጅሽ ይበራል፤ ማረፍ ግን ያቅተዋል።» አጥሩ ጋ የቆሙ ሁለት አብራሪዎች እያዩኝ መሆኑን አሰብኩ። አውሮፕላኗን ከእኔ በኋላ የተከራየ ሰው እየጠበቀ መሆኑን አሰብኩ። ዶሮው እየቀዘቀዘ መሆኑን አሰብኩ። በአንድ ቃል ይሉኝታ ነው። ፈረንጆቹ ለዚህ ዓይነቱ ነገር የራሳቸው ስሞች አሏቸው፤ ቶሎ የመድረስ በሽታ ምናምን ይሉታል። የእኛ ይሉኝታ ግን ከዚያ ይከፋል፤ የምትፈራው ሰው አጠገብህ ቀበቶ አስሮ ተቀምጧል።

ከእኛ የአሥራ አምስት ደቂቃ በረራ ርቀት ላይ ሌላ ማረፊያ ነበር። መንደርደሪያ 26 አለው። ያንኑ 230 ነፋስ እዚያ ብቀበለው ልዩነቱ 30 ዲግሪ ይሆን ነበር። ግማሹ ብቻ። ጋስቱ እንኳ 13 ኖት የጎን ነፋስ ነው፤ በዚያ ላይ ብዙው ከፊት ስለሚመጣ ያግዝሃል። ነዳጅ ለሁለት ሰዓት ተኩል ነበረኝ። ባለቤቴ መኪና ይዛ ትመጣ ነበር፤ ግማሽ ሰዓት ነው። ይህን ሁሉ አውቀው ነበር። ካርታው ጭኔ ላይ ነው። አልተመለከትኩትም።

ሁለተኛው አቀራረብ። በዚህኛው «አስተማማኝ ላድርገው» ብዬ ፍጥነት ጨመርኩ። በእኔ ሞዴል ፍላፕ ሙሉ ሲሆን የአቀራረቡ ፍጥነት ከ60 እስከ 70 ኖት ነው። ጋስት ካለ የተለመደው ምክር የጋስቱን ልዩነት ግማሽ መጨመር ነው። ከ15 እስከ 26 ያለው ልዩነት 11፤ ግማሹ አምስት ተኩል። ስለዚህ 70 ገደማ በቂ ነበር። እኔ በ80 ገባሁ። በፍርሃት የተጨመረ ፍጥነት ነው፤ በሒሳብ አይደለም። ፍላፑንም ሙሉ፣ 30 ዲግሪ አድርጌው ነበር። የጎን ነፋስ ሲበረታ ፍላፕ መቀነስ እንደሚሻል መመሪያው ራሱ ይላል። የእኛ መንደርደሪያ ረጅም ነው፤ 10 ወይም 20 ከበቂ በላይ ነበር። ሙሉ ፍላፕ ትልቅ ሸራ ነው። ጋስቱ ያን ሸራ አገኘው።

በዚህ ላይ ከፍታው። ማረፊያችን 5,500 ጫማ ላይ ናት። ቀኑ 18 ዲግሪ ነበር። አየሩ ሳስቶ ለአውሮፕላኗ እንደ 7,200 ጫማ ነበር የሚሰማት። የፍጥነት መለኪያው ላይ 80 ብታነብም በእውነት የምትሄደው ወደ 90 ተጠግቶ ነው። አገር ቤት ለምትማሩ ደግሞ ቦሌ ሳይሞቅም ከ7,600 ጫማ በላይ ናት። በባሕር ጠለል የተጻፈ ምክር ስታነቡ ይህን አትርሱ። ፍጥነቱን መለኪያው በሚያሳየው መሠረት ያዙ፤ መሬቱ ከወትሮው ቶሎ ቢሮጥባችሁ አትደንግጡ፣ አፍንጫ ለማንሳትም አትቸኩሉ።

መንደርደሪያው ላይ ደረስን። አፍንጫዋን አነሳሁ። አላረፈችም። ትርፍ ፍጥነት ስላላት ተንሳፈፈች። አንድ ሜትር ከፍታ ላይ መንደርደሪያው ከሥራችን ያልፋል፤ እሷ አትወርድም። ነጩ መስመር እንደገና ወደ ቀኝ መሸሽ ጀመረ። ትዕግሥቴ አለቀና መሪውን ትንሽ ለቀቅ አደረግኩት። በዚያው ቅጽበት ጋስቱ ወደቀ። ከክንፉ ሥር አየሩን ምንጣፍ እንደ መሳብ ነው። ሦስቱም ጎማ በአንድ ላይ፣ በጎን እየተንሸራተትን መሬት መታን። አቦል።

ነጠርን። አንድ ሜትር ተኩል ይሆናል። ግራ እጄ መሪ ላይ፣ ቀኝ እጄ ስሮትል ላይ፣ የሞተሩን ጉልበት የሚጨምረው መያዣ ላይ ነው። መዳፌ ስሮትሉን ይዞታል፤ ቅዝቃዜው እንኳ ይሰማኛል። መግፋት ብቻ ነበር የቀረኝ። «ሳትወርድ ቀርተህ ነው?» የሚለው ድምፅ መጣብኝ። አልገፋሁም። ይልቁንም አፍንጫዋ ሽቅብ ስታይ ደንግጬ መሪውን ወደፊት ሰደድኩት። የፊት ጎማው ቀድሞ መታ። ቶና። ይሄኛው ከፍ ያለ ነበር። ጋሼ «በስመ አብ» ሲሉ ሰማሁ። እንደገና ወደፊት ገፋሁ፤ እጅ በድንጋጤ የሚያውቀው ያንን ብቻ ነው። ሦስተኛው ላይ የፊት እግሩ ታጠፈ። ጧ ጧ ጧ። ፕሮፔለሩ ቆመ። አፍንጫችን አስፋልት እየፈጨ ወደ ቀኝ፣ ወደ ነፋሱ ዞርን። የግራ ክንፍ ጫፍ መሬቱን ነካ። ሣሩ ውስጥ ገብተን ቆምን።

ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ስድስት ወይ ሰባት ሰከንድ ቢሆን ነው።

ስለ መንጠር የማውቀውን ልንገራችሁ፣ በውድ የተገዛ ነው። ስትነጥር አፍንጫው ይነሳል፣ ፍጥነት ይወድቃል። መሪውን ወደፊት ስትገፋ የፊት ጎማው ቀድሞ ይመታና ከበፊቱ የባሰ ያነጥርሃል። እያንዳንዱ ዝላይ ከፊተኛው ይብሳል፤ እጅህ ደግሞ ሁልጊዜ ግማሽ ሰከንድ ዘግይቶ ነው የሚደርሰው። ፈረስ እንደ መጋለብ ነው፤ እሱ ሲወርድ አንተ ከወጣህ ጉድ ፈላ። ትንሽ ከነጠርክ አፍንጫውን ባለበት ያዘው፣ ትንሽ ጉልበት ጨምር፣ ራሷ ትቀመጥ። ከፍ ብለህ ከነጠርክ፣ ወይም ትንሽ ይሁን ብዙ ካልገባህ፣ ስሮትሉን እስከ መጨረሻው ገፍተህ ሂድ። ሁለተኛ ከነጠርክ ጥያቄ የለውም፣ ሂድ። የሚያሳፍር ነገር የለበትም። እኔ ማፈሬን አይታችኋል ምን እንዳመጣ።

ከቆምን በኋላ ዝምታ ሆነ። ነፋሱ ብቻ ያፏጫል። ጋሼ ግንባራቸውን ዳሰሱና «ደረስን?» አሉ። እውነቴን ነው። ቀልድ ይሁን ድንጋጤ እስከ ዛሬ አልነገሩኝም።

ነዳጅ ሸተተኝ። የነዳጅ ድብልቁን ጎትቼ ዘጋሁ፣ የነዳጅ ቧንቧውን ዘጋሁ፣ የማቀጣጠያ ቁልፉን አጠፋሁ። የባትሪውን ዋና ማጥፊያ ግን ረሳሁት። ነዳጅ እየሸተተ ኤሌክትሪክ ክፍት! ቆይቶ የመጣው የእሳት አደጋ ሠራተኛ ነው ያጠፋው። ስለዚህ ቤታችሁ ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ፣ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ፣ እጃችሁ አራቱንም በየተራ እስኪያገኝ ተለማመዱ። እጅ ካልለመደው ራስ አያስታውሰውም።

አንድ ነገር ግን በደንብ አድርጌያለሁ። ከመነሳታችን በፊት ለጋሼ ቀበቶው እንዴት እንደሚፈታ፣ በሩ እንዴት እንደሚከፈት በእጃቸው አስሞክሬያቸዋለሁ። ያን ቀን እኔ ስርበተበት በሩን ከፍተው የወረዱት እሳቸው ናቸው። «ና ውረድ አንተ ልጅ» ብለው ክንዴን ጎተቱኝ። ነፋሱ ወደሚመጣበት በኩል ሄድን፤ እሳት ቢነሳ ጭሱም ነበልባሉም ወዲያ ይሄዳል። ትከሻቸው ላይ ቀበቶው ያረፈበት ቦታ ለሁለት ሳምንት ያህል ጠቁሮ ነበር። ከዚህ በላይ ማናችንም አልተጎዳንም። ባለቤቴ ለማርያም ስለት ገብታ ኖሮ በኋላ ጥላ ይዛ ሄደች።

አሁን ወደ ወረቀቱ። ሰው ስለዚህ አያወራም፤ እኔ ግን ከአደጋው ይልቅ እንቅልፍ የነሳኝ እሱ ነው። አሜሪካ ውስጥ ከሆናችሁ አውሮፕላኑን ዝም ብላችሁ አታንቀሳቅሱ። ሰው ለማትረፍ ወይም አውሮፕላኑን ከባሰ ጉዳት ለመጠበቅ ካልሆነ በቀር ባለበት ይቆይ። ከመነካቱ በፊት ከየአቅጣጫው ፎቶ አንሱ። የታጠፈ ፕሮፔለር፣ የተሰበረ ጎማ፣ የተቧጨረ የክንፍ ጫፍ ብቻቸውን በሕጉ «ከባድ ጉዳት» አይባሉም። እኔም በዚህ ተጽናንቼ ነበር። መካኒኩ ግን የሞተሩን መከለያ ከፍቶ በሞተሩና በመቀመጫችን መካከል ያለው የብረት ግድግዳ መጨማደዱን አሳየኝ። የፊት እግሩ የሚታሰረው እሱ ላይ ነው። ያ ከባድ ጉዳት ነው። ስለዚህ ነገሩ በይፋ አደጋ ሆነ። ለብሔራዊ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ ወዲያው ማሳወቅ፣ በአሥር ቀን ውስጥ ደግሞ በጽሑፍ ማስገባት ግድ ነው። የኤፍኤኤ (የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር) መርማሪም አነጋገረኝ። ትሑት ሰው ነበር። የሆነውን እንደሆነው ጻፍኩ። አንድ ምክር፦ የጽሑፍ ቃላችሁን በዚያው ቀን እጃችሁ እየተንቀጠቀጠ አትጻፉ። ተኝታችሁ ተነሱ፣ የሚያውቅ ሰው ያንብበው፣ ከዚያ አስገቡ። አትዋሹ ግን፤ መንደርደሪያው ላይ የጎማው ጥቁር ምልክት ሦስቱንም ዝላይ በሜትር በሜትር ጽፎት ነበር።

ፕሮፔለር መሬት ከመታ ሞተሩ ተፈትቶ ይመረመራል። ከውጭ ምንም ባይታይም የመታው ኃይል ወደ ውስጥ ገብቶ ዘንጉን ሊጎዳ ይችላል። ዋጋው የአዲስ መኪና ነው። እዚህ ላይ ብዙ ተከራይ አብራሪ የማያውቀው ነገር አለ። የአከራዩ መድን አከራዩን ነው የሚጠብቀው። ለአከራዩ ከከፈለ በኋላ ዞሮ ገንዘቡን ከአንተ ሊጠይቅ ይችላል። እኔ ባለቤቴ በነገር ይዛኝ የተከራይ አብራሪ መድን ገዝቼ ነበር። በዓመት የምከፍለው ከአንድ የወር የመኪና መድናችን ብዙም አይበልጥም ነበር። እሱ ባይኖር ዛሬ ይህን የምጽፈው ከሁለተኛ ሥራዬ ላይ ሆኜ ነበር። ውል ስትፈርሙ የመድኑን አንቀጽ ሁለቴ አንብቡ፤ በተለይ የተጎዳው አውሮፕላን ላይ እስከ ስንት እንደሚሸፍን።

ደግሞ እናታችሁ ጋ ቀድማችሁ ደውሉ። እኔ «ነገ እነግራታለሁ» አልኩ። በሦስት ሰዓት ውስጥ ከኦሮራ ወደ ዋሽንግተን፣ ከዋሽንግተን ወደ አዲስ አበባ ደርሶ፣ እናቴ ጋ ሲደርስ «ልጅሽ ተከሰከሰ» ሆኗል። ጎረቤት ተሰብስቦ ነበር። በስልክ ድምፄን ስትሰማ የጮኸችውን አልረሳም።

ወደ መብረር የተመለስኩት ከአራት ወር በኋላ ነው። ኤፍኤኤ ተጨማሪ ሥልጠና እንድወስድ ነው የተስማማው፤ ፈቃዴን አልነጠቀኝም። አዲሷ አሰልጣኜ የመጀመሪያውን ቀን አንድም ጊዜ አላሳረፈችኝም። አሥር ኖት የጎን ነፋስ ያለበትን ቀን መርጣ፣ መንደርደሪያው ላይ አንድ ሜትር ያህል ከፍ ብዬ ከዳር እስከ ዳር እንድሄድ አደረገችኝ። ክንፉ ወደ ነፋሱ ዘንበል፣ አፍንጫው በእግር መስመሩ ላይ፣ ትንሽ ጉልበት፣ አታርፍም። ጫፉ ላይ ስትደርስ ሙሉ ጉልበት፣ ወደ ላይ። እንደገና። ዘጠኝ ጊዜ። እኔ በ94 ሰዓት ውስጥ ይህን ለረጅም ጊዜ ይዤ አላውቅም ነበር፤ ሁልጊዜ ሦስት ሰከንድ ብቻ አገኘውና አርፋለሁ። እዚያ ግን ግማሽ ደቂቃ ሙሉ ነፋሱ ሲጨምርና ሲቀንስ እግሬና እጄ መልስ ሲሰጡት ተሰማኝ። የጎን ነፋስ የገባኝ ያን ቀን ነው። አሰልጣኝ ካላችሁ ይህን ጠይቁ። ብቻችሁን አትሞክሩት።

ሁለተኛው ቀን አረፍኩ። የነፋሱ ወገን ያለው ጎማ ቀድሞ፣ ከዚያ ሌላኛው፣ ከዚያ የፊቱ። «አትልቀቀው» አለችኝ፤ መሪውን ነው። ጎማው ከነካ በኋላም መሪውን ወደ ነፋሱ እየጨመርክ መሄድ አለብህ፤ ፍጥነቱ ሲቀንስ ክንፉ ጉልበት ያጣል፣ ነፋሱ ግን አያጣም። ብዙ ሰው መሬት ሲነካ «እፎይ» ብሎ መሪውን ይለቃል። እኔም እንደዚያ ነበርኩ።

አሁን የራሴ ቁጥሮች አሉኝ። ስልኬ ላይ ሳይሆን የመዝገቤ ሽፋን ላይ በእስክሪብቶ ተጽፈዋል። ጋስቱ ተጨምሮ የጎን ነፋሱ ከ12 ከበለጠ አልሄድም። በጋስቱና በአማካዩ መካከል ያለው ልዩነት አሥር ከደረሰ አልሄድም። ሰው ከጫንኩ ሁለቱም በሦስት ይቀንሳሉ። የእናንተ ሌላ ይሁን፤ ግን ሳትነሱ በፊት፣ መሬት ላይ፣ ቡና ሳይቀርብ ጻፉት። አንዴ ከዞርኩ ሁለተኛው ሙከራ የመጨረሻው ነው፤ ካልሆነ ወደ ሌላኛው ማረፊያ እሄዳለሁ። ይህን ለተሳፋሪዬ ከመነሳታችን በፊት እነግረዋለሁ። «ዛሬ ሌላ ቦታ ልናርፍ እንችላለን፣ ታክሲ ይዘን እንመለሳለን፣ ምሳ ይቀዘቅዛል» እላለሁ። አንዴ ከተናገርኩት ይሉኝታው ወደዚያኛው ወገን ይዞራል፤ ቃሌን ለመጠበቅ ስል እዞራለሁ።

ባለፈው ጥቅምት ጋሼ እንደገና መጡ። «አትወስደኝም?» አሉ። እኔ ነኝ የፈራሁት። ጠዋት ተነሳን፤ ቡናው በፔርሙስ ተያዘ። ስንመለስ ማሽኑ «ከ240፣ በ12፣ ጋስት 21» አለ። ዙሪያውን ሳልጀምር ወደ ምዕራብ ታጠፍኩና መንደርደሪያ 26 ላይ አረፍን። አንድ ጊዜ። ጋሼ ወርደው ጎማዎቹን አንድ በአንድ አዩና ፔርሙሱን ከፈቱ። ባለቤቴ መኪና ይዛ እስክትመጣ ክንፉ ሥር ቆመን ጠጣን።

«ይሄ አቦሉ ነው» አሉ። «ቀሪውን ቤት እንጠጣዋለን።»